በረኛው ስንት ዓይን አለው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1976፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

አሥራ አንደኛው ጉማሬ አለቀ። እግሩ አጠረ። በጭጋግ ሸፈንኩት። ምሁሩ ካየው ነገር ያበዛል፤ ግን ተራራ ላይ ጉማሬ ያወጣ ሰው ስለ እግር ምን አፍ አለው?

አያ ደብተር፣ አንተ የነገሩህን ሁሉ ውጠህ ዝም ስለምትል ደግሜ ልንገርህ። ምሁሩ የምለው ወንድወሰንን ነው። ሄግ ለማስትሬት መጥቶ ቀን ስለ መንግሥት አስተዳደር ይማራል፣ ማታ በአማርኛ ታይፕ ልብ ወለድ ይቀጠቅጣል። የጨው ከተማ የምትባል አገር አለች። ጉማሬ የሚጋልቡ የጭጋግ ሰዎች ይወጓታል። ሥዕሉ የኔ ነው። ዋናው የበሩ ጦርነት፤ ሁለት ገጽ ሙሉ። ሮተርዳም ያለ አታሚ እየጠበቀ ነው።

ምዕራፉን እንደ ቀበሌ ስኳር በራሽን ነው የሚሰጠኝ። ለምን? የሚደብቀው ነገር አለ። ዛሬ የበሩን ምዕራፍ ቆንጥሮ ሰጠኝ። ዘንጋዳ የሚባል በረኛ ጦሩን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። ደግ ነው ክፉ? አልኩት። ምን አገባህ፣ ዝም ብለህ ሣል አለኝ። ሳላውቅማ አልሥልም። ከሰባተኛ ክፍል ተባርሬ ጎንደር፣ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው ከየኔታ ስንሻው ዘንድ ቀለም ስበጠብጥ የተማርኩት አንድ ሕግ ነው። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይን አለው። ከሃዲ በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን። ይሁዳ አንድ፣ ሰይጣን አንድ። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ቀና ብሎ ግድግዳ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። (አንዴ የአጥቢያውን ጭቃ ሹም ከሰይጣን ጭፍሮች መሀል በአንድ ዓይን አስገብቼ ተገርፌያለሁ። መልኩ ቁርጥ እሱ ነበር። አሁንም ያስቀኛል።)

ምሁሩ ዙሪያውን ገላምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በረኛው መጨረሻ ላይ በሩን ለጠላት ይከፍታል፤ አንባቢ ግን እስከዚያ ድረስ ማወቅ የለበትም፤ ስለዚህ ሁለት ዓይን ስጠው አለኝ። ለከሃዲ ሁለት ዓይን። የኔታ ቢሰሙ ቡሩሹን አፌ ውስጥ ይከቱልኝ ነበር።

ደግሞስ ድምፁን ለምን ዝቅ አደረገ? ክፍሉ ውስጥ ያለነው እኔና እሱ። ይሄ በረኛ ከጭንቅላት የወጣ አይመስለኝም። የምናውቀው ሰው ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ፊት እየሰበሰብኩ ነው። ሠራዊት ያለ ፊት አይሆንም፤ ፊት ደግሞ ከራሴ አላወጣም፣ እሰርቃለሁ። ትራም ውስጥ፣ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ፣ በሁለት ደቂቃ።

ለጭጋግ ሰዎች እስካሁን፦ ስትሪፐንካርቴን፣ ማለት የትራም ትኬቴን፣ ሳላስመታ የያዘኝ ተቆጣጣሪ። የቤት ማከራያ ቢሮው ሰውዬ። የመዘምራኑ አለቃ (ድምፅህ ይሻክራል ብሎኛል፤ ጉማሬው ላይ ጎበጥ አድርጌ አስቀመጥኩት)። ሁሉም አንድ ዓይን። ተመስገን።

ለጨው ከተማ፦ እትዬ ዘውዴ። ከቅጥሩ ላይ ሆነው የፈላ ሽሮ ጉማሬው ላይ ይደፋሉ። ሁለት ዓይን፣ ትልልቅ። ያው እዚህ ሄግ ሙርዋይክ ሰፈር የሚኖሩት፣ ሆስፒታል የሚያጸዱት፣ እሑድ እሑድ የሚያበሉኝ። እሳቸውን በአንድ ዓይን የሣልኩ ዕለት ጦሜን አድራለሁ።

ልጃቸው ሳባ የመስቀል ዕለት የወለደችው ወንድ ልጅ ጥቅምት 26 ሮተርዳም ክርስትና ይነሳል። ቄሱ ከጀርመን በባቡር ይመጣሉ። የክርስትና አባቱ ጋሽ ባዩ ናቸው። (ከዚህ በኋላ ጋ/ባዩ፤ እትዬ ዘውዴም እ/ዘውዴ። ስም መጻፍ ይሰለቸኛል።) እዚህ ላክ በሚባለው ሰፈር ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንድ ክፍል የምንጋራው ሽማግሌ። ስኬቨኒንገን፣ ባሕሩ ዳር፣ ሆቴል ሰሃን ያጥባሉ። የሳባ ባል መርከብ ላይ ስለነበር ምጡ ሲመጣ ታክሲ ፈልገው ያደረሷት፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እስኪነጋ የቆሙት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ይገባቸዋል።

እኔ አልተጠየቅሁም። ምንም አልመሰለኝም።

መሰለኝ እንጂ።

እሑድ፣ ጥቅምት 12፤ ከእ/ዘውዴ ቤት መልስ

ደስ የማይል ምሳ። አንዱ እንግዳ ከአገር ደብዳቤ ደርሶት ነበር። ወንድሙን ቀበሌ ጠርተው እዚህ ሄግ፣ በሰው ቤት፣ እንግዳው ራሱ የተናገረውን ቃል በቃል መልሰው ነገሩት አለ። እዚሁ ገበታ ላይ የተናገረውን ማለት ነው። ጆሮ ጠቢ አለ መሀላችን።

ሁሉም የየራሱን ጉርሻ ማየት ጀመረ። ምሁሩ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ አደረገ፣ አወለቀ። እኔ የጨው ዕቃውን አንስቼ ወደ ውስጡ፣ ሄሎ፣ ይሰማል? አልኩ። ማንም አልሳቀም። እ/ዘውዴ በዓይናቸው ገረፉኝ። ሳባ ብቻ ከወደ ጥግ፣ ዶ ኖርማል፣ ሥርዓት ያዝ አንተ ደግሞ አለችኝ።

ጋ/ባዩ? ይበላሉ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው አልዞረ። ሰው እንዴት እንዲህ ይረጋል?

አያ ደብተር፣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሥራ የላቸውም። ጠዋት ተነስተው ገላቸውን ይታጠባሉ፣ አንገታቸውን ሳይቀር ይፈትጋሉ፣ ሱፋቸውን ለብሰው በአምስተርዳም ባቡር ይሄዳሉ። ማታ ይመጣሉ። የት? ጉዳይ አለኝ። ሚስት አገኙ እንዴ ጋሽዬ? ብዬ ሞከርኩ። ጉዳይ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ሄደው ተመለሱ። እጃቸውን ሲታጠቡ ኮታቸውን ፈተሽኩ። ሁለት ፔፐርሙንት ከረሜላ። መሀረብ። ሌላ የለም። ኮሌታው ላይ ግን ጥቁር ዱቄት አለ። ከሰል። አምስተርዳም ማን ነው ከሰል የሚያከስለው? ወረቀት የሚያቃጥል ቤት ነው የገቡት። ምን ወረቀት?

ለሥዕሉ ትንሽ ይቀመጡልኝ አልኳቸው። እሺ አሉ። አያ ደብተር፣ አይተህ አታውቅም። ድንጋይ። ጭራሽ ፊታቸውን ወደ ጎን መልሰው፣ አገጫቸውን ከፍ አድርገው፣ ሳልነግራቸው። ዓይናቸውን የሚያርገበግቡት እንኳ በቀጠሮ ነው። የእጄ እርሳስ ቀድሞ ደከመ። እንዲህ መቆም የት ተማሩ? ዘበኛ? እስር ቤት ጠባቂ?

ሳልኳቸው። ጦር አስያዝኳቸው። በሩ ላይ አቆምኳቸው። በጎን።

አንድ ዓይን።

ምሁሩ ሁለት ይል የለም? ይበል። እኔ የማውቀውን ነው የምሥለው።

እሑድ፣ ጥቅምት 19

ሥዕሉን ሙርዋይክ ወሰድኩት። በእርሳስ ነው፣ ቀለም ገና። ምሳ ላይ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

መጀመሪያ ሠርግ ሆነ። ሁሉም ራሱን ይፈልጋል። እ/ዘውዴ ሽሮውን አይተው እስኪያነቡ ሳቁ፤ ድስቱ ግን ትንሽ ነው፣ ለአሥራ አንድ ጉማሬ አይበቃም አሉ። የመዘምራኑ አለቃ ዓይኑን ቆጠረ። አንድ። ጥሬ በርበሬ እንደበላ ቀላ፤ ቤቱ ይበልጥ ሳቀ።

ከዚያ የአንዱ ጣት በሩ ላይ ደረሰ። ዘንጋዳ። ጢሙ፣ አፍንጫው፣ የግንባሩ ጠባሳ። ከጨው ከተማ ሠራዊት መሀል ብቻውን በጎን የተሣለ። ማንም ስም አልጠራም። ሳቁ እንደ ሬዲዮ ጠፋ። ምሁሩ ይሄ እኮ የልብ ወለድ ነው፣ በረኛው መጨረሻ ላይ ስለሚከዳ ነው ብሎ ነገሩን አባሰው። ምሁር።

ጋ/ባዩ ከወጥ ቤት ውኃ ይዘው ገቡ። መንገድ ለቀቁላቸው። ጎንበስ ብለው አዩት። እሳቸውም በቤተ ክርስቲያን ያደጉ ናቸው፤ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። የውኃውን ጆግ ቀስ ብለው አስቀመጡ። ኮታቸውን ለበሱ። እ/ዘውዴን እጅ ነሥተው ወጡ።

እኔ ጠረጠርኩ፣ ጠርጥሬ ሳልኩ፣ አሁን ቤቱ ሙሉ ይጠረጥራል። ልክ ነበርኩ ማለት ነው?

ማታ ክፍላችን ገባሁ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ጀርባ። ዓይን የለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 20

እ/ዘውዴ አስጠሩኝ። ልጁን ለባዩ አልሰጥም አሉ። ሰውዬው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አባቱ ባሕር ላይ፣ ወንድሞቼ አገር ቤት፤ የማላምነውን ሰው የክርስትና አባት አድርጌ የልጅ ልጄን ስም በቀበሌ መዝገብ አላስገባም አሉ። ሳባ እያለቀሰች ነበር። ኮሪደር ላይ የቆመላት ሰው ነው።

ቀልድ ነው እትዬ፣ ነገር ሳበዛ ነው አልኩ። እንዲህ አሉኝ፦

«ቀልድ ቢሆን ኖሮ ስታሳየን ትስቅ ነበር። እኔ ሥዕሉን አይደለም፣ ያንተን ፊት ነው ያየሁት።»

ቀጥለው የክርስትና አባት አንተ ሁን አሉኝ።

እኔ።

የፈለግሁት ነገር እጄ ላይ ወደቀ። እሺ አልኩ። ትራም ውስጥ ግን ከጎኔ የተቀመጠችውን የሆላንድ አሮጊት እንኳ ፊት ለፊት ማየት አቃተኝ። ነገ ማክሰኞ ነው። እከተላቸዋለሁ። ጆሮ ጠቢ ከሆኑ ይለይልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21፤ ባቡር ውስጥ፣ ወደ ሄግ

ባቡሩ ስለሚያናውጠኝ ጽሑፌን ይቅር በለኝ።

ሁለት ፉርጎ ወደ ኋላ ሆኜ ተከተልኩ። ዝናብ። አምስተርዳም ወርደው በእግር፤ በቦዩ ዳር፤ አንድ ትልቅ የሸክላ ሕንፃ። ኤምባሲ አይመስልም። ብስክሌት ብቻ። የቀለም ሽታ። እኔ የቀለም ሽታ አውቃለሁ። ደረጃ ላይ ተከተልኩ።

ሰፊ ክፍል ነው፤ ኮሪደሩ በሦስት ወገን በመስታወት ዞሮታል። ውስጥ የፈረንጅ ልጆች ክብ ሠርተው እያንዳንዳቸው ወረቀት የተወጠረበት ማቆሚያ ፊት። በእጃቸው ከሰል። መሀል ላይ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ ጋ/ባዩ። ከወገባቸው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ሌላ ምንም። በእጃቸው የመጥረጊያ እንጨት እንደ ጦር። ቆመዋል። ድንጋይ።

ሥራቸው ይሄ ነው። የሥዕል ተማሪ እንዲስላቸው መቆም።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። አያ ደብተር፣ እውነቱን ነው የምነግርህ፣ እጄን አፌ ውስጥ ከተትኩ። ነጠላቸውን ሳያጣፉ ቅዳሴ የማይገቡ ሰው።

ከዚያ የተማሪዎቹን ወረቀት አየሁ። ከኋላቸው የተቀመጠው ጀርባና ጆሮ ብቻ ሥሏል። በጎን ያለችው ልጅ አንድ ዓይን። ፊት ለፊት ያለው ሁለት። ከወዲያ በኩል ያለው ደግሞ እንደገና አንድ። እኔ በመስታወቱ በኩል ኮሪደሩን መዞር ጀመርኩ። አንድ ዓይን፣ ሁለት፣ አንድ። ስዞር ይከዳሉ፣ ስዞር ይጸድቃሉ። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

የኔታ ይህን አልነገሩኝም።

ሮጬ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22

ብናገር ነፃ ይወጣሉ። ጆሮ ጠቢ አይደሉም፣ ራቁታቸውን ቆመው ነው ብል። እና? ጥርጣሬው አንድ ሳምንት ነው፣ ሳቁ ዕድሜ ልክ። የመዘምራኑ አለቃ ብቻውን ዜማ ይሠራለታል። እኔ ራሴ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ግጥም እገጥምለት ነበር። ቄሱ ከሰሙ ደግሞ ክርስትናው ጭራሽ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ወሬ ይዤ ዝም ያልኩበት ቀን የለኝም። ምላሴ አሳከከኝ። ለምሁሩ ልደውል ሦስት ጊዜ ወደ ስልክ ሄድኩ፣ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 23፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

በረኛውን በላጲስ አጠፋሁት። ወረቀቱ ሳሳ። ጋሽዬ፣ እንደገና ይቀመጡልኝ አልኳቸው። ካሁን ወዲያ እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር። መጡ። እንደ ባለፈው ፊታቸውን ወደ ጎን መለሱ፣ አገጫቸውን ከፍ አደረጉ። እኔም እንደ ባለፈው ወንበሬ ላይ ሆኜ እርሳሴን ቀረጽኩ፣ ቀረጽኩ፤ እርሳሱ አለቀ።

ዓይናቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ፦

«ማክሰኞ በመስታወቱ በኩል ስትዞር አይቼሃለሁ።»

ሌላ እርሳስ ከኪሴ አወጣሁ።

«እዚያ ያን ያህል የዞርክ ልጅ፣ እዚህ ምነው ወንበርህ ላይ ተጣበቅህ?»

ወንበሬን አነሣሁ። ክፍላችን ጠባብ ነው፤ አልጋውን መግፋት ነበረብኝ። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ሁለት ዓይን። ግራው ትንሽ ያብጣል፤ አብሬያቸው ስኖር አይቼው አላውቅም።

ይቅርታ አልጠየቅሁም፣ አፌ እንቢ አለ። ትራሱን ጠቅልዬ አስታቀፍኳቸው። ከሚነደው ከተማ ሕፃን ይዞ የሚወጣ ሰው ያስፈልገኛል አልኩ። ምሁሩ እንዲህ ያለ ሰው አልጻፈም፤ ይጻፍ። ትራሱን ተቀበሉ። እጃቸውን ሳልነግራቸው ከአንገቱ ሥር አደረጉ፣ ጭንቅላት እንዳይወድቅ።

እንደዚያው ሣልኳቸው፤ ሲያልቅ እርሳሴን አስቀመጥኩ። ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ ሙርዋይክ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 25

እ/ዘውዴ ለነገ ሽንኩርት ይከትፋሉ። አዲሱን ሥዕል ከሽንኩርቱ አጠገብ ዘረጋሁት። ባዩን አዩ። ሕፃኑን አዩ። ክርስትና አላነሳም እትዬ፣ ልጁን የሚያነሱት ጋሽ ባዩ ናቸው፤ ያን ዓይን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ስላልጠየቃችሁኝ ከፍቶኝ ነበር አልኩ። ቢላዋው አልቆመም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ታዲያ የት ነው የሚሄደው? አሉ።

ተከትዬ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የላብ ሥራ ነው፣ ማንንም አይጎዳም አልኩ። የት? አልናገርም። ለኔ? ለእርስዎም።

ቢላዋው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ? የኔን የጉልበት ሕመም ለትራም ነጂ የነገርክ?»

እኔው ነኝ አልኩ። የሳባን እርግዝና ከባሏ በፊት ለዳቦ ሻጭ የነገርክ? እኔው። ዛሬ ግን አልናገርም? አልናገርም። ሳባ ከበሩ ሥር ሕፃኑን ታቅፋ ቆማለች፣ አፏ ተከፍቷል።

«እንግዲህ አንተን ይህን ያህል ዝም ያሰኘ ነገር እውነት ነው» አሉ። እጃቸውን ታጥበው ካፖርቴን አቀብለኝ አሉኝ።

በትራም ላክ መጣን። ደረጃችን አራት ፎቅ ነው፣ ጉልበታቸው እንደዚያ ሆኖ። በየፎቁ ቆመው ተነፈሱ። ጋ/ባዩ በሩን ከፈቱ። እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ። እ/ዘውዴ ስለ ሥዕል አላነሡም፣ ስላለፈው እሑድ አላነሡም።

«አቶ ባዩ፣ ነገ በስንት ሰዓት ባቡር ነው የምንሄደው?»

ጋ/ባዩ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አሉ። እኔ ወደ ታች ወርጄ ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 26፤ ከሮተርዳም መልስ፣ ማታ

አለቀ። ልጁ ውኃው ሲነካው የጭጋግ ሠራዊት የመጣ እስኪመስል ጮኸ። ጋ/ባዩ ታቅፈውት ቆሙ። ሱፋቸው ላይ ሸና፤ ንቅንቅ አላሉም። ልምድ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። በሆዴ ብቻ።

የሰዉ ጥርጣሬ ሁሉ አልወጣም። የመዘምራኑ አለቃ አሁንም በአንድ ዓይኑ ያያቸዋል (እኔ የሣልኩለት አልጠፋለትም)። ጆሮ ጠቢውም አልተገኘም። ምሳ ላይ ስለ ዝናብ ብቻ ነው የተወራው። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ስለማላውቅም አልሥለውም።

ምሁሩ ባቡር ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠ። አታሚው ረቡዕ ይፈልገዋል፤ በሩ ላይ ግን ጦር እንጂ በረኛ የለም፤ ፊቱ የታለ? አለኝ። ፊት አለኝ አልኩት። ሁለት ዓይን እንዳትረሳ አለ። አንድ ነው፤ ካልወደድከው ሥዕሉን ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ውሰደው አልኩት። ማን ነው ታዲያ? ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔ ድምፄን አላወረድኩም። እኔ ነኝ አልኩ። ፉርጎው ሁሉ ሰማ። ጋ/ባዩ በመስኮት ማየታቸውን አላቋረጡም፤ ጢማቸው ግን ተንቀሳቀሰ።

አሁን ችግሩ ሌላ ነው። የራሴን ፊት በጎን ልሥል መስታወት ፊት ቆምኩ፤ ዓይኔን ወደ መስታወቱ ሳዞር ፊቴም አብሮ ይዞራል። ሁለት ዓይን። ዘወር ስል መስታወቱ አይታየኝም። ስንት ሰው በጎኑ ሣልኩ፣ የራሴን ጎን አይቼ አላውቅም። ጋ/ባዩ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ሁለተኛ መስታወት ያስፈልግሃል አሉኝ፤ አምስተርዳም ልጆቹ እንዲያ ነው የሚያደርጉት። አምስተርዳም የሚለውን ቃል ከአፋቸው ስሰማ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

እኛ ያለን አንድ ነው። እ/ዘውዴ ጋ የግድግዳው አለ። ነገ ጠዋት ሄጄ እዋሳለሁ፣ ለምን ካሉኝም የራሴን ጎን ለማየት ነው እላለሁ።